ፍሬን ምን ይሰማ ነበር

«መብራቷ በርቷል፤ ስልኩም ‹ተገናኝቷል› ይላል» አለች ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «ድምፅ ግን የለም።»

«እስቲ እንደገና ሞክሪያት።»

«ስንቴ ልሞክር እማዬ?»

«እስክትሰማ ድረስ ነዋ!»

እናትየዋ የመኝታ ቤቱን በር በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። ከበሩ ወዲያ ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል። ባሏ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሐዘንተኛ ከሰው ፊት ትንሽ ቆየት ብላ ከጠፋች ደግሞ ወይ ራሷን ስታለች ይባላል፣ ወይ ቁም ሣጥን እየበረበረች ነው ይባላል። ልጅቷ የአባቷን ስልክ በአንድ እጇ፣ ሁለቱን ነጫጭ ኤርፎኖች በሌላው መዳፏ ይዛ ትነካካለች። ገመድ የላቸውም፤ ከባቄላ ፍሬ እምብዛም አይበልጡም። አንዷን ጆሮዋ ላይ ሰካቻት፣ አውጥታ ነፋችባት፣ መልሳ ሰካቻት። ራሷን ነቀነቀች።

በሩ ተቆረቆረ። «አንቺ! ምነው ጠፋሽ? አሞሻል እንዴ?»

ጎረቤታቸው ናት። ሰፈሩ ሬዲዮ ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ ባትሪ አያልቅባትም። ሐዘኑ ከገባ ጀምሮ ከቤቱ አልጠፋችም። ሻይ ታፈላለች፣ ወንበር ታደላድላለች፣ ማን መጣ ማን ቀረ የሚለውንም ለመጣው ሁሉ ታሰማለች።

«መጣሁ፣ መጣሁ! መሐረብ ፈልጌ ነው» አለች ባለሐዘኗ።

ባለሐዘኗ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባሏ በሞተበት ዋዜማ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እነዚህን ኤርፎኖች ጆሮው ላይ ሰክቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ከስፌት መኪናዋ ሆና ከጀርባው አንድ ነገር ተናግራዋለች። አልዞረም። አንገቱን እንኳ አላነቃነቀም። በማግስቱ ጠዋት ሞተ። ሰምቷት ነው ወይስ ሳይሰማት? የሞተ ሰው አይጠየቅም፤ የቀረው ምስክር ኤርፎኑ ነው። እሱ ያዳምጥ በነበረው የድምፅ ከፍታ ልክ እሷም ሰክታ ትሞክረዋለች፤ ከክፍሉ ጥግ ሰው ቢያናግራት ይሰማት አይሰማት ታየዋለች። ያሰበችው ይህን ነው። ለልጇ ግን «አባትሽ ምን ይሰማ እንደነበር ልስማ» ብቻ ነው ያለቻት። ልጅቷም እንባዋ ስለመጣ ብዙ ሳትጠይቅ ስልኩን አነሣች።

ሳሎን ስትመለስ አንድ ግዙፍ ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላት። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወንበሮቹ ባሏ ይሠራበት ከነበረው የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ የተላኩ ናቸው፤ ሟቹ ለዓመታት ንድፈ ሐሳብ ካስተማረበት ክፍል። ከተቀመጠው ሰው ግማሹም የዚያ ክፍል ፍሬ ነው።

ባሏን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ፍሬን ነው የሚባለው። በማሰልጠኛ መኪና ውስጥ በአሰልጣኙ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለች፤ የእሱ እግር ደግሞ ከእሷ ላይ ተነሥታ አታውቅም። ቤቱ ውስጥ እንኳ ልጁ ስታወራ ፈጠን ካለች ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጥ ነበር።

«እኔን ሲያስተምረኝ» አለ ሹፌሩ ሻዩን ይዞ፣ «ገና ቁልፍ ስከት ‹ቀስ› ይለኛል። ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ አልተነሣችም! ስለው፣ ‹ሐሳብህ ተነሥቷል› አለኝ።»

ሳሎኑ ሳቀ። ሬዲዮ «ኧረ በሕግ! ሐዘን ቤት ይሳቃል እንዴ?» ብላ ተቆጣችና ወዲያው እሷው ከሁሉ አብልጣ ሳቀች።

የሞተውም እዚያችው የአሰልጣኝ ወንበሩ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ተማሪ መሪ ይዛ ሳለ፣ ልቡ ቀጥ አለች። ተማሪዋ አንገቱ ዘንበል ሲል አየች። ስፖኪዮዋን አየች፣ ፍሬቻ አበራች፣ ዳር ያዘች፣ የእጅ ፍሬን ሳበች፤ ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። «አስተምሮ ነው የሞተው» ተባባለ ሰዉ። ለልብስ ሰፊዋም ይህን ደጋግመው ነገሯት። ነገሩ ያጽናናል፤ እሷ ግን ሐሳቧ ሁሉ እሑድ ላይ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ልጃቸው ገና ዩኒቨርሲቲ ሳለች ልብስ ሰፊዋ ቀዶ ሕክምና ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ የኖረች ሴት በተራዋ ተሰፍታ ሆስፒታል በተኛችበት፣ ሌላ ከተማ ይኖሩ የነበሩ እናቷ አረፉ። ስልክ የተደወለው ለፍሬን ነው። ሐኪሙ እንዳትደነግጥ አጥብቆ አስጠንቅቆት ነበርና መርዶውን ዋጠው። ጠዋት ማታ አልጋዋ ድረስ እየመጣ «እናትሽ ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሻል» ይላት ነበር። እውነቱን የነገራት ቤቷ ገብታ፣ ቁስሏ ደርቆ፣ የእናቷ አፈር ከተመለሰ በኋላ ነው።

በክፋት የበደለን ሰው መጣላት ቀላል ነው። ይሰድቡታል፣ ይካሰሱታል፣ ይወጣላቸዋል። በደግነት የበደለን ሰው ግን ምን ያደርጉታል? ቤተ ዘመዱ ሁሉ «ላንቺ ብሎ እኮ ነው» አላት። ለእሷ ብሎ መሆኑን እሷም አላጣችውም። ያንገበገባት ያቺ «ሰላም ብለውሻል» የምትለው ነገር ናት። ከሞተች እናቷ ሰላምታ ይዞላት ይመጣ ነበር፤ እሷም ደስ ብሏት መልሳ ሰላምታ ትልክ ነበር።

አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር። «ራት ቀርቧል»፣ «ቁልፉ የታለ?»፣ «ጋዝ አልቋል»፤ ከዚህ ያለፈ ቃል ቤቱ ውስጥ ቀረ። እሱ አንድ ሁለቴ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ «አለፈ» አለችው፤ አላለፈም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ጸሎቷን አላቋረጠችም፤ ቂሙንም አልለቀቀችም። ዓመታት ሄዱ።

ከዚያ ባለፈው ዓመት ልጃቸው ከምትሠራበት ከተማ ለእረፍት መጥታ ኤርፎኑን ለአባቷ ሰጠችው። ፍሬን ዜናና የድሮ ዘፈን ይወድዳል፤ የስፌት መኪናዋ ጩኸት ግን አያሰማውም ነበር። ልጅቷ ከተመለሰች በኋላ ሰውየው ከሥራ ሲገባ ሁለቱን ፍሬዎች ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ ሥር መቀመጥ ያዘ። አንዳንዴም ራሱን በዜማ ልክ ያወዛውዛል።

ሚስቱ መጀመሪያ ተናደደች። «ይኸው! የቀረችውንም ጆሮ ደፈናት» አለች ጮክ ብላ። አልዞረም። አለመስማቱን ያወቀችው ያኔ ነው። በማግስቱ ስለ ጉልበቷ አጉረመረመች። በሳልስቱ ስለ አንዲት ደንበኛዋ አወራች፤ ወገቧ እየሰፋ ልኩ ጠበበኝ ስለምትል ሴት። ቀስ በቀስ ፊቱን አይታ የማትናገረውን ለጀርባው ትነግረው ጀመር። ለዓመታት የተጠራቀመ ወሬ ነው፤ መውጫ አግኝቶ ተንዠቀዠቀ። እናቷንም አነሣች። እናቷ ክር በጥርሳቸው ሲበጥሱ፣ መርፌ ሲጠፋባቸው ቤተሰቡን ሁሉ ሲያስፈልጉ፣ በኋላ ከገዛ ቀሚሳቸው ላይ ሲያገኙት። ማንም አይሰማኝም ብሎ የሚያወራ ሰው ከሆዱ ነው የሚያወራው።

በዚያ እሑድ የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ ትቀመቅም ነበር። ድንገት እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«እናቴን ሳልሰናበት አስቀረኸኝ» አለችው። «ፈርተህ ነው። እኔንም እንዳታጣ ፈርተህ ነው። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እንግዲህ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ቂሙም ደከመኝ።»

አልዞረም። ክሩን በጥሳ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እፎይ አለች። አልሰማም፤ ጎሽ! አፈረች መሰል። «ነገ ራት ላይ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ» ብላ ቆርጣ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ነገ የሚባለው ቀን ሲመጣ በሯን ያንኳኳው የማሰልጠኛው ኃላፊ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እናትና ልጅ እንደገና መኝታ ቤት ገቡ። ልጅቷ የምታውቀውን ሁሉ ታደርግ ጀመር። ስልኩን አጥፍታ አበራች። በብሉቱዝ ዝርዝሩ ውስጥ ኤርፎኑን እንዲረሳው አድርጋ እንደ አዲስ አገናኘችው። ለሙዚቃ ድምፅ የሚፈቅደው ቁልፍ ተዘግቶ እንደሆነ አየች፤ ክፍት ነው። ባትሪውን አየች፤ ሙሉ ነው። በራሷ ስልክ ሞከረች፤ ተገናኘ፣ ዝም አለ።

«ቆይ፣ የድምፁን ልክ ልይ» አለችና ፊቷ ተለወጠ። «ውይ አባዬ! እስከ ጥግ ነው የለቀቀው። ጆሮው ደክሞ ነበር እንዴ?»

«እስከ ጥግ ማለት?»

«የመጨረሻው። ከዚህ በላይ የለም። በዚህ ላይ አጠገብ ቦምብ ቢፈነዳ አይሰማም።»

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። እንግዲህ አለቀ። ሰውየው ጆሮውን በዘፈን ሞልቶ ነው የተቀመጠው፤ የእሷ ይቅርታ ለግድግዳ ነው የተነገረው። ይህን ያህል ዓመት አፍና ኖራ፣ አፏን የከፈተች ቀን ጆሮ አጣች። ማልቀስ ፈልጋ እንባው እምቢ አላት።

ልጅቷ ይህን አላየችም። ኤርፎኑን ከስልኩ ለማለያየት አንዲት ነገር ነካች። ወዲያው ስልኩ በራሱ አፍ፣ በዚያው እስከ ጥግ በተለቀቀ ድምፅ፣ አንድ የድሮ የሠርግ ጭፈራ ለቀቀው። ከበሮው ቤቱን ናጠው። ልጅቷ ማጥፊያው ጠፍቶባት ስልኩን ትራስ ሥር ወሸቀችው፤ ትራሱም ጨፈረ።

በመጨረሻ ዝም ሲል ሳሎኑም ጭጭ ብሎ ነበር። ከዚያ የሬዲዮ ድምፅ መጣ፤ «በስመ አብ! ምንድነው?»

«ስልክ ነው!» ጮኸች ልጅቷ። «የአባዬ ስልክ ነው፣ በስሕተት ነው!»

«ፍሬን ራሱ ቢሆን ደስ ይለው ነበር» አለ የሹፌሩ ወፍራም ድምፅ፤ ጥቂት ሰው ሳቅ አፈነ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ያቺ ተማሪ መጣች። ፋርማሲ የምትሠራ ለግላጋ ሴት ናት። ያን ዕለት የሆነውን ለማንም በቅጡ አልተናገረችም ነበር፤ ፊት ለፊት ተቀምጣ የመሐረቧን ጫፍ ታፍተለትላለች።

«አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው እትዬ» አለች። «ያን ቀን አንዴም ‹ቀስ› አላለኝም። ሁለቴ ሞተር አጥፍቻለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያበቃልኝ ነበር። እሱ ግን ‹ዛሬ ጥሩ ነው የምትነጂው› አለኝ። እግሩንም አየሁት፤ ፍሬኗ ላይ አልነበረም።»

«እንግዲህ ሕመሙ ጀምሮት ነበር ማለት ነው» አለች ሬዲዮ ከወዲያ። «ሞት ሲቀርብ ሰው ይለዝባል።»

«እንጃ» አለች ተማሪዋ። «የታመመ አይመስልም ነበር። ደስ ያለው ነው የሚመስለው። እንዲያው ዝም ብሎ መስኮቱን እያየ ፈገግ ይል ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻትና «ተባረኪ» አለቻት። ደስታው ከየት ይመጣል? ብላ በሆዷ አሰበች፤ ሬዲዮ ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ለቀስተኛው ለምሳ ሲበታተን እናትየዋ ሳሎኑን ዘግታ ልጇን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ከዚህ በላይ ሆድ ይፍጀው ማለት አልቻለችም። ሆስፒታሉን፣ ሰላምታውን፣ የዓመታቱን ዝምታ፣ እሑድን፣ ሁሉንም ነገረቻት።

ልጅቷ አፏን ይዛ ሰማች። «እኔ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «እናንተ በተፈጥሯችሁ ዝምተኞች ናችሁ ብዬ ነበር የማስበው። ለጓደኞቼ ሁሉ ‹የእኔ ወላጆች ሳይነጋገሩ ይግባባሉ› እላለሁ።»

«እኛማ ሳንነጋገር ነው የተጣላነው።»

«ሱቅ እንውሰዳት እማዬ። አንድ የሚሠራት አናጣም።»

«ተሠርታ ምን ትሠራልኛለች? እስከ ጥግ ነው አላልሽም?» አለች እናት። ነገር ግን እጇ ሥራ መፍታት አይወድም፤ ሐዘን ላይም ሆና አንዱን ነገር ካልነካካች አይሆንላትም። «እስቲ ለማንኛውም አምጪያት። ቆሻሻ ይዟት ይሆናል። የስፌት መኪናም ክር ሲውጥ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ይዞራል፣ አይሰፋም።»

መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ላይ ተቀመጠች። መነጽሯን አደረገች። ኤርፎኗን በሁለት ጣት ይዛ አገላበጠቻት። ጆሮ ውስጥ የምትገባው ጫፏ ለስላሳ ላስቲክ ለብሳለች።

«ላስቲኳን ሳቢያት፤ በቀላሉ ነው የምትወልቀው» አለች ልጅቷ። «ለመታጠብ ተብሎ ነው።»

ሳበቻት። እምቢ አለች። ጎተተቻት። ላስቲኳ ተለጠጠች እንጂ አልወለቀችም። ልብስ ሰፊዋ ከመርፌ መያዣዋ ቀጭን መርፌ መዘዘች፤ የቁልፍ ክር ስትፈታ እንደምታደርገው በጠርዙ ዙሪያ እያስገባች ቀስ፣ ቀስ አድርጋ ነቀለቻት። ላስቲኳ ስትላቀቅ አንድ ጥቁር፣ የደረቀ ነገር ግማሹ ከእሷ ጋር መጣ፤ ግማሹ ድምፅ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ እንደ ክዳን ተጋግሮ ቀረ።

እናትና ልጅ ተያዩ።

«ማስቲሽ!» አሉ እኩል።

ያንን ጥቁር ማስቲሽ ማን ያጣዋል? የመኪና በር ላስቲክ የሚለጠፍበት ነው። ፍሬን ከጋራዥ አንድ ቱቦ ይዞ መጥቶ ቤቱን ሁሉ አዳርሶበታል። የማንቆርቆሪያው እጀታ በእሱ ነው የቆመው። የጫማዋ ተረከዝ በእሱ ነው። አሁን አፍንጫዋ ላይ ያለው መነጽር እግሩ የተያያዘው በእሱ ነው።

ልጅቷ ግንባሯን መታች። «የሄድኩ ቀን! አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቶኝ፣ አንደኛዋ ላስቲክ እየወለቀች አስቸገረችው። ‹ሌላ ልክ እልክልሃለሁ፣ እንዳትነካት› አልኩት። ‹አንቺ ብቻ በሰላም ግቢ፤ እኔ አበጃታለሁ› አለኝ።»

«እናም አበጃት።»

ሁለተኛዋን አነሡ። መርፌዋን በቀዳዳው ብትሰድ ጥቁሩ ነገር እዚያም አለ።

«ይቺ እኮ ደህና ነበረች!» አለች ልጅቷ። «ይቺን ምን ሆነች ብሎ ነው?»

እናትየዋ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ከሳቅ ይሁን ከልቅሶ ገና አልለየም። እንደ ባሏ ድምፅዋን አወፍራ፣ ጣቷን ቀስራ፣ «የፍሬን ሸራ ምንጊዜም በጥንድ ነው የሚቀየረው!» አለች።

ሁለቱም ፈረሱ። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እየሳቀች ሳለ ግን አንድ ነገር መጣባትና ዝም አለች። «እማዬ፣ በደወልኩ ቁጥር እጠይቀው ነበር። ‹ጥርት ያለ ነው ድምፁ፣ እግዜር ይስጥሽ› ይለኝ ነበር። አንዲት ነገር ሰምቶባት አያውቅማ። ከሄድኩ ሳምንት ጀምሮ ድዳ ናት። ድምፁንም እስከ ጥግ የለቀቀው ይሰማኛል ብሎ ነው። አበላሸኋት ብላት ትከፋብኛለች ብሎ ዋሸኝ።»

«ዋሸሽ» አለች እናት።

ያው ሰውዬ ነው። ሆስፒታል አልጋዋ ድረስ «ሰላም ብለውሻል» እያለ የሚመጣው፣ ሰው ከሚከፋ እኔ ልዋሽ ባዩ፣ ያ ደግ ቀጣፊ። በዚያ ውሸቱ ዓመታት ስትረግመው ኖራለች፤ ዛሬ ግን ያው ውሸት ከእግር እስከ ራሷ ሲያሞቃት ተሰማት። ኤርፎኑ ድዳ ከነበረ፣ ሰውየው ደንቆሮ አልነበረም።

ያኔ ነው ሌላው ሁሉ ተከታትሎ የመጣላት። አንድ ቀን ለጀርባው «ይሄ መርፌ ደንዝዟል» ብላ አማርራ፣ በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ አዲስ የመርፌ ፓኮ አግኝታ ነበር። «የወጥ ቤቱ በር ሲጢጥ ጥርሴን ያመኛል» ብላ ነበር፤ በሳምንቱ በሩ ዘይት ጠጥቶ ዝም አለ። ጉልበቷን ያማረረች ሰሞን የፔዳሉ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ አገኘች። «ሰውየው በስተርጅና ልብ ገዛ» ብላ አልፋው ነበር እንጂ መስማቱን አልጠረጠረችም። ደግሞስ ለምን አያወጣትም ነበር፣ የማትሰማ ኤርፎን? ቢያወጣት ወሬው ይቆማላ፤ ያ ራስ ማወዛወዙም ለማስመሰል ነበር። የሚስቱን ድምፅ ያገኘው በእሷ ነው።

«ግን እማዬ» አለች ልጅቷ፤ የአባቷ ልጅ ናትና ፍሬን መያዝ አለባት። «ድምፅ ባይኖራትም ጆሮ ትደፍናለች እኮ። ከዚህ እስከ ስፌት መኪናው ደግሞ ሩቅ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ልቧ እንደገና ዝቅ አለ። ከዚያ ላስቲኳን ወደ ቦታዋ መለሰችና ሁለቱንም ጆሮዎቿ ላይ ሰካች፤ ወንበሩንም እሱ ያስቀምጥበት ወደነበረው ቦታ ሳበችው።

«ሂጂ፣ መኪናው ጋ ተቀመጪ። አንድ ነገር ተናገሪ። እንዳትጮኺ፤ ሰው ለራሱ እንደሚያወራ አድርጊ።»

«ምን ልበል?»

«የመጣልሽን።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ውጭ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ ያልፋል። ከኋላዋ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ከዚያ ምንም። ልጅቷ አልተናገረች ይሆን ወይስ አልሰማ ብሏት ነው?

«ብቻሽን ትቼሽ መመለስ እፈራለሁ» አለች ልጅቷ።

መጣ። ከግድግዳ ወዲያ እንደሚመጣ ትንሽ ለስልሶ፣ ግን ቃሉ ሁሉ ምሉዕ ሆኖ መጣ።

«አባዬ ሲሞት አልነበርኩም። የአንቺንም መርዶ በስልክ እንዳይነግሩኝ እፈራለሁ። ስደውልልሽ ‹ደህና ነኝ› ትይኛለሽ፤ ደህና ሁኚ አትሁኚ በምን አውቃለሁ?»

እናትየዋ መዞር ፈለገች፤ አንገቷ እምቢ አላት። ብትዞር ልጇ ፊቷን አይታ ታቆማለች። ባትዞር ትቀጥላለች። ባሏ ያን እሑድ ምን ሆኖ እንደተቀመጠ ገባት። ሰምቷል። ቃል በቃል ሰምቷል፤ እንደ እሷ መዞር አቅቶት አላፊ አግዳሚውን እያየ ተቀምጧል። ይቅር ተብሎ ነው ያደረው። በማግስቱ ይቅር እንደተባለ ነው ሥራ የገባው፤ እግሩን ከፍሬኗ ላይ ያነሣውም ለዚህ ነው። ከትናንት ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ያኔ ለቀቀላት፤ ቀለለች፤ ትከሻዋ ላይ የነበረው ሁሉ ወርዶ ወለሉ ላይ የተቀመጠ መሰላት።

«አልሰማሽም አይደል?» አለች ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ። «አየሽ፣ ትደፍናለች አላልኩሽም?»

«ሰምቼሻለሁ» አለች እናት ሳትዞር። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከእንግዲህ ሲያመኝ አመመኝ እልሻለሁ። አንቺም እንዲሁ። በይ ቀጥይ።»

ልጅቷ ግን መቀጠሉን ትታ መጥታ ከኋላዋ አቀፈቻት። እንደዚያው ሆነው ቆዩ።

በሩ ተንኳኳ። ሬዲዮ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጥታለች፤ ከሌላ ሰፈር ናቸው፣ ገና ዛሬ ነው የሰሙት። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጠርጋ ከፈተችላቸው። አቀፏት፣ ሳሟት፣ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት፤ እሷም «አሜን፣ አጽንቶኛል» አለች። ወንበር ሰጥታቸው ሻይ ልታመጣ ዞረች።

ገና ጀርባዋን ከመስጠቷ ሹክሹክታው ተነሣ።

«አያችሁልኝ?» አለች ሬዲዮ። «ጆሮዋ ላይ ሰክታዋለች እኮ! ትናንት ደግሞ የሠርግ ዘፈን! ባሏ ሳምንት እንኳ አልሞላው!»

«ዝም በይ ባክሽ፣ ትሰማሻለች።»

«ምኑን ትሰማለች? ተደፍኖ! እኔ እንደሆንኩ አልፈርድባትም፤ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷት ነው። ደግሞ ልብስ ስትሰፋልኝ ሁልጊዜ እጅጌውን ታሳጥርብኛለች፤ ዓይኗም ደክሟል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለልብስ ሰፊዋ ግን ያን ቀን ዘመድ ሆኖላት ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ማንቆርቆሪያውን እንዳነሣች ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። ልጇ ደንግጣ ተከትላት መጣች፤ ፊቷን ብታየው በሳቅ ቀልቷል። እናትየዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽ» አለቻት። ከሳቁ ብዛት የግራ ጆሮዋ ኤርፎን ሾልካ ልትወድቅ ስትል በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ አጠበቀቻትና ሻዩን መቅዳት ጀመረች።